ሐሰት የምትሆነው መስመር

ለአንደኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሎጂክ አስተምሮ የማያውቅ ሰው «አንቺ እኮ ቶሎ ትበሳጫለሽ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። እስቲ ገብቶ ይሞክረዋ! በጠዋቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ግማሹ ተማሪ ገና ዐይኑን አልገለጠም፣ ግማሹ ደግሞ ላፕቶፑን ከፍቶ የኔን ትምህርት ሳይሆን የፕሮግራሚንግ የቤት ሥራውን ይሠራል። ፕሮጀክተሩ ሲበራ ማይኩ አይሠራም፤ ማይኩ ሲሠራ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል። እኔ ሊያልቅ በደረሰ ማርከር ሰሌዳው ላይ አራት መስመር ያላት ሠንጠረዥ እሠራለሁ። ሥራዬ በቃ ይኸው ነው። ለዚች ለአራት መስመር ነው ጨጓራዬ የተላጠው።

«ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ይረጥባል» እላቸዋለሁ። ይህች አባባል መቼ ሐሰት ትሆናለች? ዘንቦ መንገዱ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ብቻ። ካልዘነበማ መንገዱ ረጠበም ደረቀም፣ አባባሏን ውሸት ናት የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ስለዚህ እውነት ብለን እንመዘግባታለን። ባዶ እውነት እላታለሁ እኔ። ከአራቱ መስመር ሦስቱ እውነት፣ አንዷ ሐሰት። አለቀ።

አለቀ ስል ነው እንግዲህ ጉድ የሚፈላው። ከኋላ አንዱ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ካልዘነበ እኮ ዘሎት ያልፋል፤ እውነትም ሐሰትም አይሆንም» ይለኛል። «ኢፍ» የምትባለዋን የኮድ ትእዛዝ ማለቱ ነው። ኮድ ውስጥ ሁኔታው ካልተሟላ ማሽኑ ትቶት ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ይሁን፣ ገባኝ። ግን ያቺ ትእዛዝ ናት! ትእዛዝ ይፈጸማል ወይ አይፈጸምም። እኔ የማወራው ስለ አባባል ነው፤ አባባል ደግሞ ወይ እውነት ነው ወይ ሐሰት ነው፣ ተዘሎ የሚታለፍ አባባል የለም። ይህን በስንት መንገድ እንዳስረዳሁ እኔና ጉሮሮዬ እናውቃለን። ፈተና ሲመጣ ሁለቱን መስመር ባዶ ትተው ይወጣሉ። ለምን ባዶ ተውከው ብዬ አንዱን ብጠይቀው፣ ደረቱን ነፍቶ «ይዘለላላ!» አለኝ። የሕግ ተማሪዎችም የሒሳብ ተማሪዎችም አስተምሬ አውቃለሁ። ይህን ስህተት ከነዚህ በቀር ማንም ሲሳሳተው አላየሁም።

እነሱስ ይሁኑ፣ ጊዜ ሲያገኙ ይገባቸዋል። የኔን ዕድሜ ያሳጠረው የእህቴ ልጅ ነው።

የክፍሉ ልጆች «ጠበቃው» ይሉታል። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ «እንዴት ሆኖ?» ብሎ የሚቆም ልጅ ነው። አእምሮው ምላጭ ነው፤ ኮድ ሲጽፍ ያየው ሁሉ ይመሰክራል። ሎጂክ ግን አምና ወድቆ ዘንድሮ እየደገመ ነው። ደጋሚ አንድን ትምህርት ሁለተኛ ከወደቀ ከትምህርት ክፍሉ ይሰናበታል፤ ሕጉ አጭርና ግልጽ ነው፣ ልመና አይሰማም። ልጁም ያውቃል፣ እናቱም ታውቃለች፣ እኔማ በሕልሜ ሁሉ ይመጣብኛል።

እንደ ሌሎቹ ባዶ ቢተው ምን ነበረበት! እሱ ግን ባዶ አይተውም። ዝናቡ ባልዘነበባቸው በሁለቱም መስመሮች ላይ ጥርት ባለ ጽሑፍ «ሐሰት» ብሎ ይጽፋል። ክፍል ውስጥ ተነስቶ ይከራከረኛል። አንድ ሰው «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ምንም ሳያደርግ ከቀረ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ያ ሰው ዋሽቷል ነው የሚለው። ኧረ ልጄ፣ ሁኔታው አልተሟላም እኮ እለዋለሁ። አልተሟላም እያሉ ዕድሜ ልክ መኖር ይቻላል እኮ ቲቸር ይለኛል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ማርከሩን ወርውሬ ብወጣ ደስ ይለኝ ነበር። በግማሽ ዓመቱ ፈተና ላይም ያንኑ ጻፈ። እዚያች ሠንጠረዥ ላይ ነው የቀረው ትምህርት ሁሉ የሚቆመው፤ እሷን የሳተ ተከታዩን ጥያቄ ሁሉ ይስታል። ወረቀቱ ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰ።

ወረቀቱን ያረምኩት እኔ አይደለሁም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ዘመድ ዘመዱን አያርምም ብለው ከመጀመሪያው ለይተውታል። የሚያርመው ኔትወርክ ነው። ኔትወርክ የምንለው ባልደረባችን ኔትወርክ ስለሚያስተምርም ነው፣ ነገር ስትጠይቀው መልሱ እስኪደርስ ስለሚዘገይም ነው። ሰላምታ እንኳ አስቦ ነው የሚመልሰው። ሰውየው ቅን ነው፤ ግን አንዲት ማርክ በስጦታ አትወጣውም። ኃላፊው ቢሮ ተጠርቼ የተነገረኝ ይህ ነው፤ የልጁ የመጨረሻ ፈተና በቃል ይሆናል፣ ጠያቂው ኔትወርክ፤ እኔ ጥያቄዎቹ ካስተማርኩት መሆናቸውን ለማየት ያህል እቀመጣለሁ፣ ግን ከአፌ ቃል አይወጣም። ቃል ከወጣ ፈተናው ይሰረዛል፣ ልጁም እንደወደቀ ይቆጠራል። ኃላፊው ይህን ሲነግሩኝ ቀና ብለው አዩኝና፣ ዝም ማለት እንደሚከብደኝ እንደሚያውቁ ነገሩኝ። ተመስገን ነው፣ አንድ ያወቁልኝ ነገር አለ።

እህቴ ይህን ስትሰማ ስልኩን ዘጋችብኝ። ታላቄ ናት፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሥራዋ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ «ሐኪሙ ከመጡ እደውልልዎታለሁ» ስትል ትውላለች። በነጋታው ወደ ቤቷ ጠርታኝ ሄድኩ። ማዕድ ቤት ገብታ ሻይ ስታፈላ የቁም ሳጥኑ በር አንድ ማጠፊያው ወልቆ ተንጠልጥሏል፤ እኔ እስከማስታውሰው ድረስ እንደተንጠለጠለ ነው። አሠሪው ባልኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነው፦ «ልንሄድ ነው እኮ፣ ለማን ብዬ?» ክሊኒኩ የመቀበያው ኃላፊ ሊያደርጋት ጠይቋት እምቢ ብላለች፤ ኃላፊነት ይዞ ድንገት ጥሎ መሄድ ነውር ነው ብላ። መጋረጃው ሳስቶ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ልትሄድ ነዋ!

የምትሄደው ወደ ባሏ ነው። ልጁ ገና ፊደል ሲቆጥር ሰውየው ሌላ አገር ሥራ ፍለጋ ወጣ። ሲወጣ «ሥራ ካገኘሁ እወስዳችኋለሁ» ብሏት ነው። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ይደውላል፤ ገና ነው፣ አልተሳካም፣ ዛሬ ነገ እያሉኝ ነው ይላል። አንጀቴ እያረረ ስለሱ ክፉ ልናገር አፌን ስከፍት እህቴ ታቋርጠኛለች። ሰውየው አልዋሸም ትላለች። ሥራ አላገኘም እንጂ አልዋሸም። አግኝቶ ቢቀር ነበር እንጂ ምን ብዬ እወቅሰዋለሁ ትላለች። በዚህ ጊዜ ልጇ ክፍሉ ውስጥ ከሆነ በሩ ሲዘጋ ይሰማል። እኔ የጉርምስና ነገር ነው እያልኩ አልፈዋለሁ።

ያን ቀን ሻዩን አስቀመጠችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ልጁ ከተባረረ አባቱ ምን ይለኛል አለችኝ። ልጅህን አስተምሬ ጠበቅሁህ ልለው ነበር እኮ፤ አሁን በምን ፊቴ ነው የማየው አለች። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብላ ያንን ዘገምተኛ ባልደረባሽን አናግሪልኝ አለችኝ። እንደማይሆን ነገርኳት። አኮረፈችኝ። ያሳደገችኝ ሴት ስታኮርፈኝ አልችልም፣ ሻዬን ሳልጨርስ ቃል ገባሁላት፤ ልጁን ጠርቼ ያቺን ሠንጠረዥ በግድም ቢሆን ጭንቅላቱ ውስጥ አስገባለታለሁ አልኳት።

ቢሮዬ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር ከገባ በሩ አይከፈትም። ልጁን አስቀምጬ ከሀ ጀመርኩ። ዝናቡን ተውኩትና ሌላ ሌላ ምሳሌ አመጣሁ። ካርድ አመጣሁ፣ ሥዕል ሣልኩ፣ ኮድ ሁሉ ጻፍኩለት። ሠንጠረዡን የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ራሱ ሠርቶ አሳየኝ፤ ኮምፒውተሩ «እውነት» ብሎ ያወጣለታል። ይኸው አልኩት። ኮምፒውተሩ የሚለው የነገርነውን ነው፣ የነገረው ሰው ተሳስቶ ከሆነስ አለኝ። በዚያ ላይ አስቦ ነው የሚለው፤ ለማብሸቅ ቢሆን ኖሮ በጥፊ ብዬ እገላገለው ነበር። እሺ በቃ አትመነው፣ ዝም ብለህ ሸምድደው አልኩት። እኔ! ሽምደዳ ጠል እየተባልኩ የምታማ ሴትዮ፣ ሸምድደው አልኩ። የማላምንበትን ከምጽፍ ልባረር አለኝ።

ይኼኔ ነው የፈነዳሁት። ጠረጴዛውን መታሁ፣ የእስክሪብቶው ኩባያ ተገለበጠ። አንተ ብትባረር የምትሞተው እናትህ ናት አልኩት። ከዚያ ያፌን ሳላጣራ፦

«እናትህ እንኳ ይገባታል! ሎጂክ ተምራ አታውቅም፣ ግን ይገባታል። አባትህ ‹ሥራ ካገኘሁ እወስዳችኋለሁ› አለ። አላገኘም። ስለዚህ አልዋሸም። ስትል አትሰማትም? ልክ ናት! ሰውየውን ብጠላውም በሎጂክ ልክ ናት!»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸም። ሠንጠረዡን ወደ ራሱ አዙሮ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«እሷን ስህተት የሚያደርጋት አንድ ነገር ብቻ ነው ማለት ነው?»

«አንድ ብቻ» አልኩት። «ሥራ አግኝቶ ከቀረ። ሌላ ምንም የለም። ብትናደድ፣ ብታለቅስ፣ ስንት ዓመት ቢያስጠብቅ አባባሉን ሐሰት አያደርገውም። አንዲት መስመር ናት።»

እሺ አለኝ። እስክሪብቶዎቹን ከመሬት ለቅሞ ኩባያው ውስጥ መለሰልኝና ወንበሩን አጥፎ ወጣ። እኔ ንዴቴ ሲበርድልኝ ትንሽ ከነከነኝ፤ አባቱን ማንሳቴ ትክክል አልነበረም። ግን በነጋታው ተመልሶ መጣ፣ ሳልጠይቀው ወረቀት ስቦ ሠንጠረዡን ሠራ። እውነት፣ ሐሰት፣ እውነት፣ እውነት። ተከታዩን ጥያቄ ሰጠሁት፣ ሠራ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ አምና አንድ ወር ሙሉ የተከራከረበትን ሁሉ፣ ውኃ እንደሚጠጣ ጠጣው። አንድም «እንዴት ሆኖ» አላለም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ብል ውሸት የለበትም። ለእህቴ ደውዬ ልጅሽ ገብቶታል፣ ተኚ አልኳት። እኔ ላይ ምርቃቷን አወረደችው።

እንግዲህ ያኔ ልጠይቀው ይገባ ነበር፤ ለምን ዝም አልክ ብዬ። ለተማሪዎቼ ሁሌ የምለው እኮ ነው፣ መልሱ ልክ ከሆነ አይበቃም፣ እንዴት እንደደረስክበት አሳየኝ እላለሁ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልጠየቅሁም።

ፈተናው በትንሿ የስብሰባ ክፍል ነበር። ሰፊው ጠረጴዛ፣ አንዱ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ፤ መስኮቱ ላይ የሚንቀጠቀጥ አሮጌ የአየር ማቀዝቀዣ። እህቴ ከክሊኒኩ ፈቃድ ጠይቃ፣ የሥራ ልብሷን በጃኬት ሸፍና ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛለች። ስገባ ክንዴን ያዘችኝና እርጂው፣ በዐይንሽ እንኳ ጠቀስ አድርጊው አለችኝ። አይቻልም እትዬ አልኳትና በሩን ዘጋሁ።

ኔትወርክ በራሱ ፍጥነት ጀመረ። ጠየቀ፣ ጠበቀ፣ ሌላ ጠየቀ። ልጁ ሁሉንም መለሰ። ሠንጠረዡን ሰሌዳው ላይ ሠራ፤ ምንም ስህተት የለበትም። ከዘነበ መንገዱ ይረጥባል፣ መንገዱ ረጥቧልና ዘንቧል ማለት ለምን ስህተት እንደሆነ አስረዳ፤ ቧንቧ ፈንድቶም ሊሆን ይችላል አለ። ኔትወርክ ራሱን ነቀነቀ። ለካ ዝም ብሎ መቀመጥም ደስ ይላል ብዬ ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ።

ከዚያ ኔትወርክ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ። ሠንጠረዡን መሸምደድ ማንም ይችላል አለ። ሐሰት የምትሆነዋን አንዷን መስመር የሚያሳይ ምሳሌ ስጠኝ፤ የዝናቡን አልፈልግም፣ ከመጽሐፍም አልፈልግም፣ ከራስህ ፈልገህ አምጣ አለው።

ልጁ ማርከሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከሺህ ምሳሌ አንዱን በል አንተ፣ በቁልፍና በመብራት በል፣ በቻርጀር በል እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። አንድም ጊዜ ወደኔ አላየም። በመጨረሻ ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ።

«አንድ ሰውዬ ለሚስቱ፣ ‹ሥራ ካገኘሁ እወስዳችኋለሁ› አላት። ሥራ አገኘ። አልወሰዳቸውም።»

እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ምሳሌውን ብቻ ነው። የኔኑ ምሳሌ አንድ ቃል ቀይሮ መልሶ ሰጠው፣ ብልህ ነው አልኩ። ኔትወርክ ግን አልረካም። እሱ ሲጠይቅ እስከ ሥሩ ነው።

«ሥራ ማግኘቱን በምን አወቅህ? የመጀመሪያው ክፍል እውነት መሆኑ ካልተረጋገጠ ምሳሌህ ባዶ ነው።»

«ፎቶውን አይቻለሁ» አለ ልጁ። «የመጋዘን ኃላፊ ነው። አብረውት የሚሠሩት ከነመታወቂያው ኢንተርኔት ላይ ለጥፈውት አየሁ። ከቆየ ቆይቷል።»

ያኔ ነው የገባኝ። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከራከረኝ የኖረው ስለ ዝናብ አልነበረም። ያቺ ሠንጠረዥ እውነት ከሆነች እናቱ ልክ ናት፣ ሰውየው አልዋሸም፣ መጠበቋም ተገቢ ነው፤ ከመጠበቅ የሚያወጣት ደግሞ እሱ ብቻ የሚያውቃት አንዲት ነገር ናት። ያልዘነበባቸው ሁለቱ መስመሮች ሐሰት ቢሆኑለት ኖሮ ምንም ሳይነግራት አባቱን ውሸታም ሊለው ይችል ነበር። እኔ ነኝ ጠረጴዛ እየመታሁ ያንን መውጫ የዘጋሁበት።

ተው፣ ይበቃል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ መለስኩት። አንድ ቃል ካወጣሁ ልጁ ተባረረ ማለት ነው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ዝም ብዬ አላውቅም፤ ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ነው የተቀመጥኩት።

ኔትወርክ አሰበ። ከልቡ አሰበ፣ ሰውየው ክፋት የለበትም፣ ሥራውን ነው የሚሠራው።

«አንድ ችግር አለበት» አለ። «አባባሉ ቀን አልተቆረጠለትም። ገና ሊወስዳቸው ይችላል እኮ። ሁለተኛው ክፍል ሐሰት መሆኑን እንዴት ታረጋግጥልኛለህ?»

«ደውዬለት ነበር» አለ ልጁ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ቢንቀጠቀጥ ይሻለኝ ነበር። «ሥራ እንዳገኘህ አውቄያለሁ፣ መቼ ነው የምትወስደን አልኩት። እዚህ ሌላ ኑሮ አለኝ አለኝ። ለእናትህ እንዳትነግራት አለኝ።»

ኔትወርክ ወረቀቱ ላይ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር፤ እዚያው አየር ላይ ቆመ። ልጁን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ወደ በሩ አየ፤ ስንገባ እህቴን ኮሪደሩ ላይ አይቷታል፣ ሰላምም ብሏታል። ነገሩ ሲደርሰው ከፊቱ ላይ አየሁት። መነጽሩን እንደገና አወለቀ፣ አሁን ግን አልጠረገውም።

«ትክክል ነው» አለ በመጨረሻ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሁለቱም ተረጋግጠዋል። አልፈሃል።»

ልጁ አመስግኖ ሰሌዳውን አጠፋ። ማጥፋት አይጠበቅበትም ነበር። እኔ ተነስቼ ምን እንደምለው ሳላውቅ ትከሻውን ያዝኩት፤ እዚያው እንደቆመ ቀረ። ይቅርታ ልለው ነበር፣ ለምን እንደሆነ መጨረስ አልቻልኩም። ንዴቱም ገና አልለቀቀኝም ነበር፤ በሰውየው ተናደድኩ፣ በኔትወርክ ተናደድኩ፣ ለኔ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይህን ሁሉ በተሸከመው ልጅም ተናደድኩ። በራሴ የተናደድኩትማ አይነሳ። አጥፍተህ ጨርሰሃል፣ እንውጣ አልኩት።

በሩን ስንከፍት እህቴ ቆማ ነበር። ፊታችንን አይታ ደነገጠች፤ ወድቋል ብላ ነው። አለፈ አልኳት። እልል ልትል አፏን በእጇ ያዘች፣ ሰው አለ ብላ። ልጇን አንገቱን አቅፋ ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ ያገኘችውን ሁሉ ሳመችው። ዛሬ ማታ ለአባትህ እደውልለታለሁ፣ በዚህች ደስታ እንኳ ይጽናና፣ እሱም እኮ አገር ለአገር መንከራተቱ ለእኛ ነው አለች። ልጁ እጆቹን አንጠልጥሎ እንደግንድ ቆመላት።

ደስታዋ ትንሽ ሲረጋ መሐረቧን አውጥታ ዐይኗን ጠረገች። ምን ምን ጠየቁህ አለችው። ምሳሌ ጠየቁኝ አላት። እኔ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያስቀመጠችውን ቦርሳ አነሳሁ፣ እንሂድ፣ ይመሽብናል፣ ሥራ ቦታ ይጠብቁሻል፣ ያገኘሁትን ሁሉ ቀባጠርኩ። አልሰማችኝም። የልጇ ነገር ነው፣ ሁሉንም ማወቅ ትፈልጋለች።

«ምን ምሳሌ ሰጠህ?»

ልጁ ወደኔ ዞረ። ፈቃድ እየጠየቀኝ መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ ስጮህ የምውል ሴት አንዲት ፊደል ጠፋችብኝ፤ ተው ልለው አልቻልኩም፣ በል ልለውም አልቻልኩም። ፊቱን ወደ እናቱ መልሶ ነገራት። ለኔትወርክ የነገረውን፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ አንዲት ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ። ፎቶውን። መጋዘኑን። ሌላ ኑሮ አለኝ ማለቱን። ለእናትህ እንዳትነግራት ማለቱን።

እህቴ የጃኬቷን ቁልፍ ቆለፈች፣ ከፈተች፣ መልሳ ቆለፈች። ሁለት ተማሪዎች እየተሳሳቁ በመሐላችን አለፉ፤ አንዱ ቲቸር ብሎ ሰላም አለኝ። ልጁ «እማዬ» አላት። ልጇን አላየችውም። ያየችው እኔን ነው።

«እና በዚህ ነው ያሳለፋችሁት?» አለችኝ።

«ትክክል ስለሆነ ነው፣ እትዬ» አልኳት።